ካርዱ ነው ወይስ ሞኒተሩ? የዓይን ድካምን ለመቀነስ ግራፊክስ ካርድ የመቀየር ዝርዝር መመሪያ

ኮምፒውተር ላይ ሲቀመጥ ዓይኑ የሚቃጠልበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ትዕግሥቱ ያልቅና ሞኒተሩን፣ ኬብሉን፣ ግራፊክስ ካርዱን (ምስሉን አዘጋጅቶ ለሞኒተሩ የሚልከውን ክፍል) በአንድ ሳምንት ውስጥ ይለዋውጣል። ቢሻለው በየትኛው እንደተሻለው አያውቅም። ባይሻለው ገንዘቡ ሄዶ ሕመሙ እዚያው ነው። እኔ ራሴ ካርድና ሞኒተር በአንድ ቀን ቀይሬ፣ ግንባሬን ሲወጋኝ ከርሞ፣ ካርዱን በርካሽ ከሸጥኩት በኋላ ነው ጥፋተኛው አዲሱ ሞኒተር መሆኑን ያወቅሁት። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚሄደው በአንድ ሕግ ነው፦ በአንድ ጊዜ የሚቀየረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ካርድ የሚገዛው ደግሞ መጨረሻ ላይ።

ካርድ የሚቀይረውና የማይቀይረው

ብርሃኑን የሚያወጣው ሞኒተሩ እንጂ ካርዱ አይደለም። የጀርባ መብራቱ የሚርገበገብ ሞኒተር ምን ዓይነት ካርድ ቢሰካለት መርገብገቡን አይተውም። ከካርዱ የሚመጡት ሌሎች ናቸው፦ ምስሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ፣ ቀለሙ በስንት ቢት እንደሚላክ (ቢቱ በጨመረ ቁጥር የቀለሙ እርከን ይበዛል)፣ ጥቁሩና ነጩ ከየት እስከ የት እንደሚለካ፣ እና ዲተሪንግ የሚባለው ነገር።

ዲተሪንግ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ካርድ ቀይረን ተሻለን የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሱት እሱን ነውና። 8 ቢት ስክሪን ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም 256 እርከን አለው፤ 6 ቢት የሆነው 64 ብቻ። በሁለት እርከኖች መካከል ያለ ግራጫ ሲፈለግ አንዷ ፒክስል በአንዱ ዙር ትንሽ ደመቅ፣ በሚቀጥለው ትንሽ ጨለም እንድትል ይደረጋል፤ ዓይን ሁለቱን አዋህዶ መካከለኛውን ያያል። ጸጥ ብሎ የቆመ የሚመስለው ግራጫ ገጽ እንዲህ ሲሆን ከውስጡ ያለማቋረጥ እየተቀያየረ ነው ማለት ነው። አብዛኛው ሰው ምንም አይሰማውም፤ እናንተ ከሚሰማቸው ወገን መሆናችሁን የሚነግራችሁ ደረጃ 4 ላይ ያለው ፈተና ነው። ይህን ሥራ ካርዱም ሊሠራው ይችላል፤ ሞኒተሩም በራሱ ሊሠራው ይችላል። ካርድ መቀየር የሚያስቀረው የካርዱን ድርሻ ብቻ ነው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ዓይናችሁን ታዩ

ድንገት ማየት ከቀነሰ፣ ብልጭታ ወይም አዲስ ተንሳፋፊ ነጠብጣብ ከመጣ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ወይም ቀልቶ የሚያም ዓይን ካለ ይህን ጽሑፍ ዝጉና ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ይህ የሴቲንግ ጉዳይ አይደለም።

እንዲህ ያለ ነገር ባይኖርም ተመርመሩ። ትንሽ የመነጽር ስህተት ወይም የዓይን ድርቀት ከሁሉም ካርድ በላይ ያደክማል። ሰው በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ዓይኑን ይጨፍናል፤ ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ግን ይህ ወደ 5 እና 7 ይወርዳል። አሸዋ የገባበት የሚመስል ቁርቆራ ካላችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህን ነው። ዕድሜያችሁ ከ40 ካለፈ ደግሞ ሞኒተሩ ያለበትን ርቀት በሜትር ለክታችሁ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ለመጽሐፍ የተሠራ መነጽር ለሞኒተር ርቀት አይሆንም።

ደረጃ 2፦ ለአንድ ሳምንት መዝግቡ

ይህን ደረጃ ሁሉም ይዘለዋል፤ ሁሉም የሚሸነፈውም እዚህ ነው። አንድ ወረቀት ውሰዱና በየቀኑ አራት ነገር ጻፉ፦

1. የጀመራችሁበት ሰዓት።
2. የመጀመሪያው ምቾት ማጣት የተሰማበት ሰዓት። "ከ25 ደቂቃ በኋላ ግንባር ወጋኝ" የሚል ዓይነት ይሁን፤ "ዛሬ ደከመኝ" ብቻ አይጠቅምም።
3. የድካሙ መጠን ከ0 እስከ 10።
4. የሞኒተሩ ብራይትነስ እና የክፍሉ መብራት።

አንድ የመፈተኛ ሥራም ምረጡ። አንድ ረጅም ጽሑፍ፣ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ፊደልና መጠን፣ ነጭ ገጽ ላይ፣ 40 ደቂቃ ማንበብ ይበቃል። ሞኒተሩ ከዓይናችሁ ከ50 እስከ 70 ሴንቲሜትር ይራቅ፤ የላይኛው ጠርዙ ከዓይን መስመር አይለፍ። ከዚህ በኋላ ወንበሩንም ሞኒተሩንም አታንቀሳቅሱ።

ደረጃ 3፦ ሞኒተሩን ፈትሹ

የአንዳንድ ሞኒተር ብራይትነስ የሚቀነሰው የጀርባ መብራቱን በጣም በፍጥነት እያጠፉ በማብራት ነው። ብራይትነሱ ዝቅ ባለ ቁጥር መብራቱ ጠፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል።

1. ስክሪኑን ሙሉ ነጭ አድርጉ። የክፍሉን መብራት አጥፉ፤ አምፖሉ ራሱ ይርገበገብና ያሳስታችኋል።
2. የስልካችሁን ካሜራ ሹተሩን (ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) በእጅ ማስተካከል ወደሚቻልበት ሁነታ ቀይሩትና 1/1000 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ አድርጉት።
3. በብራይትነስ 100፣ ቀጥሎ በ50፣ ቀጥሎ በ20 ስክሪኑን ተመልከቱ።
4. በ100 ያልነበሩ ጥቋቁር አግድም ሰንበሮች በ20 ከመጡ የጀርባ መብራቱ ይርገበገባል።

ስልኩ ይህን ሁነታ ከሌለው እስክሪብቶ ያዙ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ነጩ ስክሪን ፊት ለፊት እንደ ማራገቢያ በፍጥነት አወዛውዙት። ጥላው እንደ ጭጋግ ተዋህዶ ከታየ ደህና ነው። እስክሪብቶው ተቆራርጦ፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ለየብቻ ከቆመ ሞኒተራችሁ ይርገበገባል።

እንዲህ ከሆነ ካርድ መግዛቱን ተዉት። ብራይትነሱን ሰንበሩ ወደማይታይበት ከፍታ አውጡ፤ ከበዛባችሁ የክፍሉን መብራት ጨምሩ። ለሁለት ሳምንት ይህን ሞክሩ። ካልረዳ የሚቀየረው ሞኒተሩ ነው።

ማሳሰቢያ፦ ስልኩም ሆነ እስክሪብቶው ዲተሪንግን አያሳዩም። ሰንበር አላየሁም ማለት ካርዱ ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ ጥፋተኛ ነው ማለትም አይደለም።

ደረጃ 4፦ ሳትገዙ አረጋግጡ

ሀ. ነጻ የሆኑትን ሴቲንጎች አስተካክሉ

እያንዳንዱን ለሁለት ቀን፣ አንድ በአንድ ሞክሩ።

- ምስሉ የሚታደስበትን ፍጥነት ሞኒተሩ ወደሚችለው ከፍተኛ ቁጥር አውጡ። 144 ሄርዝ (በሰከንድ 144 ጊዜ) የሚችል ሞኒተር ገዝቶ ዓመት ሙሉ በ60 የሚሠራ ሰው ብዙ ነው።
- ኤችዲአርን (የብርሃንና የቀለም ስፋትን የሚጨምረውን የማሳያ ሁነታ) አጥፉ።
- በቺፑ አምራች (በኢንቪዲያ፣ በኤኤምዲ ወይም በኢንቴል) መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ውስጥ የቀለም ዓይነቱን አርጂቢ (ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ)፣ መጠኑን (ጥቁሩና ነጩ የሚለካበትን ወሰን) ሙሉ፣ ጥልቀቱን 8 ቢት አድርጉ። በኤችዲኤምአይ የተገናኘ ሞኒተር ቴሌቪዥን ተብሎ ተቆጥሮ ጥቁሩ ግራጫ፣ ነጩ የፈዘዘ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ሌላው ምልክት ጥቁር ላይ የተጻፈ ቀይ ፊደል ነው፤ ጠርዙ ከተዝረከረከ ካርዱ ቀለሙን አሳንሶ እየላከ ነው።
- ዊንዶውስ ላይ የላቀ የዲስፕሌይ ገጽ ውስጥ ግቡና የቢት ጥልቀቱን አንብቡ። "8 ቢት ከዲተሪንግ ጋር" የሚል ከሆነ መዝግቡት።
- ላፕቶፕ ላይ በምስሉ ይዘት ልክ ብርሃኑን የሚቀያይረውን የባትሪ ቁጠባ አጥፉ። ኤኤምዲ ቫሪ ብራይት ይለዋል፤ ኢንቴል በዲስፕሌይ ኃይል ቁጠባ ስር ያስቀምጠዋል። ነጭ ገጽ ከፍታችሁ ወደ ጥቁር ስትሻገሩ ብርሃኑ ቀስ እያለ ከተንቀሳቀሰ ይህ በርቷል።

ለ. ካርዱን ከጨዋታ አውጡ

ብዙ ፕሮሰሰሮች የራሳቸው ግራፊክስ አላቸው። ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ የሞኒተሩን ኬብል ከካርዱ ነቅላችሁ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ካለው መሰኪያ ጋር አገናኙ፣ አብሩ። አሁን ሞኒተሩ ያው፣ ኬብሉ ያው፣ ወንበሩ ያው ሆኖ የተለወጠው ምስሉን የሚልከው ቺፕ ብቻ ነው። የማደሻ ፍጥነቱና የቀለም ሴቲንጉ ከቀድሞው ጋር አንድ መሆኑን ሳታዩ ግን ፈተናውን አትጀምሩ። በ144 ሄርዝ የነበረውን በ60 ብታወዳድሩት የምትፈትኑት ሌላ ነገር ነው።

ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ከቀረ፦ ኬብሉን ወደ ካርዱ መልሱ፣ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ውስጥ ግቡና የፕሮሰሰሩን ግራፊክስ አብሩት፤ ካርድ ሲሰካ የፕሮሰሰሩን ግራፊክስ በራሱ የሚያጠፋ ማዘርቦርድ አለ። የፕሮሰሰሩ ስም ኢንቴል ሆኖ በኤፍ ፊደል የሚያልቅ ከሆነ የራሱ ግራፊክስ የለውም፤ አትድከሙ።

ሐ. ሌሎች መንገዶች

ሊኑክስ ያለበት ፍላሽ አዘጋጅታችሁ ምንም ሳትጭኑ ከፍላሹ አስነሡት። ካርዱ ያው ሆኖ ድካሙ ከጠፋ ችግሩ ያለው ድራይቨሩ (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) ወይም ዊንዶውሱ ላይ ነው፤ አዲስ ካርድ አያስፈልጋችሁም። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ የዲቫይስ ማኔጀር ገጽ ውስጥ ካርዱን ብታሰናክሉት በመሠረታዊው የማይክሮሶፍት ድራይቨር ይሠራል፤ ለንባብ ፈተና ይበቃል።

የላፕቶፕ ግራፊክስ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይቀየርም። ግን ሁለት ቺፕ ባላቸው ላፕቶፖች ውስጥ የራሱ ስክሪን በአንዱ፣ የኤችዲኤምአይ መሰኪያው በሌላው ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ የውጭ ሞኒተር በኤችዲኤምአይም በታይፕ ሲም ሰክታችሁ አወዳድሩ። ዲስፕሌይሊንክ የሚባለው በዩኤስቢ የሚሠራ መለወጫም ለሞኒተሩ ምስሉን የሚያወጣው በራሱ ቺፕ ነው፤ አቅሙ ከካርድ በጣም ያንሳል፣ ለጽሑፍ ሥራ ግን አይከፋም።

መ. ዓይነ ስውር ፈተና (የቱ እንደተሰካ ሳታውቁ የሚደረግ)

ውጤቱ ጥሩ ሲመስላችሁ አትመኑት። ተስፋ ያደረገ ሰው ለሁለት ቀን ይሻለዋል። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ለምኑ፤ እናንተ ወጥታችሁ እያለ ኬብሉን ካርዱ ላይ ወይም ማዘርቦርዱ ላይ ይሰካ፣ የቱ እንደሆነ ለራሱ ይጻፍ። እናንተ ገብታችሁ 40 ደቂቃ አንብቡና ከ0 እስከ 10 ስጡ። በስድስት የተለያዩ ቀናት አድርጉትና መጨረሻ ላይ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጡ። ካርዱ የነበረባቸው ቀናት ሁሉ ከፍ ካሉ አገኛችሁት። ከተደባለቁ ካርዱን ተዉትና ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ።

ደረጃ 5፦ ካርድ መምረጥ

በፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ከተሻላችሁና ከባድ ጌም ወይም የቪዲዮ ሥራ ከሌላችሁ እዚህ ላይ ጨርሳችኋል። ካርዱን አውጡትና ሽጡት።

መግዛት ግድ ከሆነ፦

- ሻጩ ቢያንስ ሁለት ሳምንት የመመለሻ ጊዜ ይስጣችሁ። ይህ ከዋጋውም ከፍጥነቱም ይቀድማል። "ለዓይን የሚስማማ" የሚል ካርድ የለም፤ የሚታወቀው በእናንተው ዓይን ሲሞከር ነው።
- ካስቸገራችሁ ካርድ የተለየ የቺፕ አምራች ወይም የተለየ ትውልድ ምረጡ። የሳጥኑ ስም ቢለያይ ቺፑ ያው ከሆነ ምስሉን የሚያወጣው ክፍልም ያው ነው፤ ማራገቢያውን ብቻ ነው የቀየራችሁት።
- የፓወር ሰፕላዩን (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚሰጠውን ሳጥን) ዋት አንብቡ። ስሎቱ (ካርዱ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካበት ቦታ) ራሱ እስከ 75 ዋት ይሰጣል፤ ባለ 6 ፒን ኬብል 75፣ ባለ 8 ፒን 150 ይጨምራል። ለቢሮ ሥራ ከስሎቱ ብቻ የሚጠጣ ትንሽ ካርድ ይበቃል።
- የኬዙን (የኮምፒውተሩን ሳጥን) ውስጥ በሜትር ለኩ። ርዝመቱን ብቻ ሳይሆን ውፍረቱንም፤ ሁለትና ሦስት ስሎት የሚሸፍኑ ካርዶች አሉ።
- አሁን የምትጠቀሙበት ዓይነት መሰኪያ ይኑረው፤ ኬብል አብሮ ከተቀየረ ሕጉ ፈረሰ።
- ድሮ ተመችቶኛል ብላችሁ አሮጌ ካርድ የምትፈልጉ፣ ድራይቨሩ ለምትጠቀሙበት ዊንዶውስ መኖሩን አስቀድማችሁ እዩ። በጣም አሮጌዎቹ በዩኢኤፍአይ (የድሮውን ባዮስ በተካው የማስነሻ ሥርዓት) ብቻ በሚነሣ ኮምፒውተር ላይ ምስል ላያወጡ ይችላሉ።
- ሊኑክስ ተጠቃሚ ከሆናችሁ የኢንቪዲያ መቆጣጠሪያ ኤክስ በሚባለው የማሳያ ሥርዓት ላይ ዲተሪንግን የማጥፊያ ምርጫ አለው። ከመግዛት በፊት ሞክሩት።

ደረጃ 6፦ መቀየር

ከመክፈታችሁ በፊት፦ የአዲሱን ካርድ ድራይቨር አውርዳችሁ ዲስኩ ላይ አስቀምጡ። ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የበራ ከሆነ 48 አሃዝ ያለውን የመመለሻ ቁልፍ ሌላ ቦታ ጻፉ፤ ሃርድዌር ወይም ባዮስ ሲነካ ሊጠይቃችሁ ይችላል። የድሮውን ሴቲንግ ፎቶ አንሡ።

1. ኢንተርኔቱን ንቀሉ፤ ዊንዶውስ በራሱ ድራይቨር እንዳይጭን። በሴፍ ሞድ (አስፈላጊው ብቻ በሚሠራበት የዊንዶውስ ሁነታ) አስነሡና ዲስፕሌይ ድራይቨር አንኢንስቶለር በሚባለው ፕሮግራም የድሮውን ድራይቨር አጽዱ። አጥፉ።
2. የፓወር ሰፕላዩን ማብሪያ አጥፉ፣ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፣ የኮምፒውተሩን ማብሪያ ቁልፍ 10 ሰከንድ ተጫኑት። ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ይለቅቃል።
3. የሞኒተሩን ኬብል ንቀሉ። ዲስፕሌይፖርት ከሆነ ራሱ ላይ ያለውን መቆለፊያ ሳትጫኑ አትጎትቱ፤ መሰኪያው ይገነጠላል።
4. ኬዙን በጎኑ አጋድሙት፣ ክፈቱት፣ ቀለም የሌለውን ብረቱን ንኩ። በየመሐሉ ደጋግማችሁ ንኩ።
5. የካርዱን የኃይል ኬብል ነቅላችሁ ጀርባው ላይ ያሉትን ብሎኖች ፍቱ። ብሎን ውስጥ ከወደቀ ሳታገኙ አትቀጥሉ።
6. ካርዱ ስር፣ የስሎቱ ጫፍ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ መቆለፊያ አለ። ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ካርዱን እየጎተተ ስሎቱን ይሰብራል። ጣት ካልደረሰ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ዘንግ ተጫኑት፤ በካቻቢቴ አይሆንም፣ ካንሸራተተ ማዘርቦርዱን ይቧጭራል። ከተለቀቀ በኋላ ካርዱን በሁለት እጅ ቀጥ አድርጋችሁ አውጡ።
7. የአዲሱን ካርድ መሰኪያዎች ላይ ያሉትን ክዳኖች አንሡ። ስሎቱ ላይ አስተካክላችሁ፣ ከሁለቱም ጫፍ እኩል እየተጫናችሁ፣ "ቀጭ" እስኪል አስገቡ። ብሎኑን እሰሩ።
8. የኃይል ኬብሉን ሰኩ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ የፕሮሰሰሩም ኬብል 8 ፒን ነው። የካርዱ 6 እና 2 ሆኖ ይከፈላል፣ የፕሮሰሰሩ 4 እና 4። አልገባ ካለ አታስገድዱት። ከሌላ ፓወር ሰፕላይ የመጣ ኬብልም አትዋሱ፤ ጫፉ ቢገጥምም ውስጡ ሌላ ሊሆንና ካርዱን ሊያቃጥል ይችላል።
9. ኬዙን ሳትዘጉ ሞኒተሩን ካርዱ ላይ ሰክታችሁ አብሩ። ምስል ከመጣ ድራይቨሩን ጫኑ፣ ኢንተርኔቱን መልሱ፣ ዝጉት።

ደረጃ 7፦ ሴቲንጉን መልሱ፣ ከዚያ ሞክሩ

አዲስ ካርድ የድሮውን ሴቲንግ አያስታውስም። ቅድም ያነሣችሁትን ፎቶ ከፍታችሁ የማደሻ ፍጥነቱን፣ አርጂቢውን፣ ሙሉ መጠኑን፣ 8 ቢቱን፣ ኤችዲአሩን አንድ በአንድ አስተካክሉ። ካርዱን የሚያማርሩ ብዙዎች በእርግጥ የሚያማርሩት ይህን ያልተስተካከለ ሴቲንግ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን 40 ደቂቃ ብቻ አንብቡ፤ የደከመ ዓይን ይዛችሁ አትጀምሩ። ከዚያ ያንኑ ወረቀት እየሞላችሁ አሥር ቀን ቀጥሉ። ዋናው ቁጥር "ከስንት ደቂቃ በኋላ ጀመረኝ" የሚለው ነው። 25 የነበረው 90 ከሆነ ካርዱ ሠርቷል፤ ማታ ላይ ትንሽ ድካም ቢቀርም።

ሲበላሽ

ማራገቢያው ይሽከረከራል፣ ምስል የለም። ኬብሉ ማዘርቦርዱ ላይ ቀርቶ ይሆናል፤ መጀመሪያ እሱን እዩ። ቀጥሎ የኃይል ኬብሉን፣ ቀጥሎ ካርዱን አውጥታችሁ መልሳችሁ አስገቡ። አሮጌ ካርድ ከሆነ በፕሮሰሰሩ ግራፊክስ አስነሥታችሁ ባዮስ ውስጥ ሲኤስኤምን (ለአሮጌ ዕቃ የሚሆነውን የድሮ የማስነሻ ሁነታ) አብሩ።

የመቃጠል ሽታ መጣ። ከግድግዳው ንቀሉ። እንደገና አብርታችሁ "ልየው" አትበሉ።

ምስሉ መጣ፣ ሁሉም ነገር ግን ትልቅና ደብዛዛ ነው። ድራይቨሩ አልተጫነም፤ ሪዞሉሽኑም ዝቅ ብሏል። ድራይቨሩን ጫኑና ሪዞሉሽኑን ወደ ሞኒተሩ ትክክለኛ ቁጥር መልሱ። ፊደሉ ብቻ ከደበዘዘ የክሊርታይፕ (የዊንዶውስ የፊደል ማጥሪያ) ማስተካከያውን እንደገና አሂዱት።

ለሦስት ቀን ተሻለኝ፣ አራተኛው ቀን ተመለሰ። ድራይቨሩ በራሱ ታድሶ ይሆናል፤ ቀኑን እዩ። ሲታደስ ኤችዲአር ሊበራ፣ የማደሻ ፍጥነቱ ሊወርድ፣ መጠኑም ሊቀየር ይችላል። ሴቲንጉን መልሳችሁ ካልረዳ ተሽሏችሁ የነበረውን የድራይቨር ቁጥር ፈልጋችሁ ጫኑ።

አዲሱ ከድሮው ባሰ። ሌላ መሰኪያ ሞክሩ፤ ከኤችዲኤምአይ ወደ ዲስፕሌይፖርት ወይም ተገላቢጦሹ። ለሁለት ቀን ለውጥ ከሌለ አትለማመዱት፤ የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ ክዳኖቹን መልሳችሁ፣ በመጣበት ከረጢትና ሳጥን ከትታችሁ መልሱት። ሳጥኑን እስከዚያው የጣለ ሰው ካርዱን አብሮ እንደጣለ ይቁጠረው።